ወባ ያልሆነ ትኩሳት

ድሬዳዋ ላይ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ መጀመሪያ የሚመረመረው ለወባ ነው። «ወባ የለብህም» ከተባለ ማስታገሻውን ይዞ ይመለሳል። ታዲያ የያዘው ምንድን ነው? በ2013 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከ11,000 በላይ ሰው ሲታመም መልሱ ደንጊ ሆኖ ተገኘ። በ2019 በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን አልጋ ላይ የጣለው ደግሞ ቺኩንጉንያ ነበር። ሁለቱንም የምታዛምተው ቀን ቀን የምትነድፈው፣ እግሯ በነጭ የተዥጎረጎረ ኤዴስ ትንኝ ናት።

ደምን መመርመር የጊዜ ሽሚያ ነው። ቫይረሱ ራሱ በደም ውስጥ የሚገኘው ባብዛኛው በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ገደማ ነው፤ የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልገው የፒሲአር ምርመራ የሚይዘውም ያኔ ነው። ሰዉ ግን «ይለቀኛል» እያለ ሰንብቶ ይመጣል። ከዚያ በኋላ የሚፈለገው ሰውነት ለመከላከል የሠራው ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ጣጣውም እዚህ ላይ ነው። ደንጊ፣ ቢጫ ወባ፣ ዚካና ዌስት ናይል ዘመዳሞች ስለሆኑ ለአንዱ የተሠራው ለሌላውም «አለ» ሊያሰኝ ይችላል። የቢጫ ወባ ክትባት የወሰደ ሰው ደምም ያሳስታል። ለመለየት የታማሚውን ሴረም (የደሙን ፈሳሽ ክፍል) ከሕያው ቫይረስ ጋር ቀላቅሎ፣ ሴረሙ የትኛውን ቫይረስ እንደሚያከሽፍ መጠበቅ ግድ ነው። ቀናት ይፈጃል፤ የሚችለውም ላብራቶሪ ጥቂት ነው። የኢትዮጵያ ናሙና ለማረጋገጫ እስከ ዳካር ፓስተር ኢንስቲትዩት፣ እስከ ዩጋንዳዋ ኢንቴቤ የተጓዘው ለዚህ ነው። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወደ 30,000 ሰው እንደገደለ ለሚገመተው ቢጫ ወባ ግን መዘግየት አይመችም።

ትንኟን መመርመር ሰው ከመታመሙ በፊት ሊያስጠነቅቅ ይችላል፤ ሥራው ግን አድካሚ ነው። የተያዙት ትንኞች በረዶ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ በዝርያና በፆታ ይለያሉ፣ እስከ 50 ድረስ ባንድ ቱቦ ተፈጭተው ይመረመራሉ። «ቫይረስ አለ» ማለት ከ50ዎቹ ቢያንስ አንዷ ይዛለች ማለት ብቻ ነው፤ እሷም ቢሆን ገና ከታማሚ የጠጣችው ደም ሆዷ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ማስተላለፍ መቻሏን የሚናገረው ምራቋ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የወንድ ትንኞቹ ቱቦ ነው። ወንድ ትንኝ ደም አይመጥም፤ ቫይረስ ከተገኘበት ምናልባት ከእናቱ በእንቁላል ወርሶት ነው። የኤዴስ እንቁላል ደግሞ በደረቀ በርሜል ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ለወራት ይቆያል።