ጥንስስና ብስለት፦ ጠጅን ስለ መቅመስና ስለ ማቆየት

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ጠጅ የሚቀመስበትንና የሚቆይበትን መንገድ ማብራራት፣ ከዚያም ለሥነ ጽሑፍ ሂስ የሚሰጠውን ትምህርት ማሳየት ነው። «የሐሳብ ጥንስስ»፣ «የበሰለ ሥራ»፣ «ለዛና ቃና» የምንላቸው አባባሎች ከምግብና ከመጠጥ ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ከዚያ ተነጥለው ሲነገሩ ግን ባዶ ሙገሳ ሆነው ይቀራሉ።

በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናም ሆነ በሞጣ፣ ጠጅ የሚጣለው እንደ ሌላው አገር ሁሉ ከማር፣ ከውሃና ከጌሾ ነው። አንድ እጅ ማር ከሦስት እስከ አምስት እጅ ውሃ ተበጥብጦ በታጠነ ጋን ይቀመጣል። ሰፈፉ ይገፈፋል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ጌሾ ይገባበታል። ጌሾ ያልገባበት ብርዝ ይባላል፤ ገብቶበት ገና ያልጠለለው ደግሞ ጉሽ ነው። እርሾው የማሩን ስኳር ወደ አልኮል በለወጠው መጠን ጣፋጭነቱ ይቀንሳል፤ ኃይሉ ይጨምራል። ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ የሚባሉት ደረጃዎች በአብዛኛው ከዚህ የመጡ ናቸው።

ጠጅን መቅመስ ከዐይን ይጀምራል። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብርሌ ብርጭቆ በመሆኑ መጥለሉንና መልኩን ያሳያል። ቀጥሎ አፍንጫ የማሩንና የጢሱን ሽታ ይለያል። በመጨረሻ ምላስ በመጀመሪያ ጣፋጩን፣ ከዚያ የጌሾውን ምሬት፣ ከተዋጠ በኋላም በአፍ የሚቀረውን ቃና ያገኛል። ስለዚህ «ይጣፍጣል» ብሎ ያቆመ ቀማሽ ስለ ማሩ እንጂ ስለ ጌሾው የነገረን ነገር የለም።

ማቆየትን በተመለከተ ከኢጣሊያ ቀይ ወይን ጠጅ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በፒዬሞንቴ ክፍለ ሀገር ነቢዮሎ ከሚባለው የወይን ዘር የሚጠመቀው ባሮሎ፣ በሕግ ቢያንስ 38 ወራት መቆየት አለበት፤ ከእነዚህም 18ቱን በእንጨት በርሜል ያሳልፋል። በለጋነቱ አፍ የሚይዘው ታኒን የተባለው ንጥረ ነገር በጊዜ ብዛት ይለዝባል። ኮምጣጣነትና ታኒን የሌለው ተራ ወይን ግን ብዙ ዓመት ቢቀመጥ የሚያተርፈው ነገር የለም። ጠጅም አፉ በሚገባ ካልተከደነ አየር ገብቶበት ይሆመጥጣል። ጊዜ በጥንስሱ የነበረውን ይገልጣል እንጂ ያልነበረውን አይፈጥርም።

ይህን ሐሳብ ወደ መጻሕፍት ስንወስደው ቅርብ ምሳሌ አናጣም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከታሪኩ ዋና መቼቶች አንዱ ያደረገው በቢቸና አቅራቢያ የሚገኘውን ዲማ ጊዮርጊስን ነው። መጽሐፉ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲነበብ የኖረው አሮጌ በመሆኑ አይደለም። የበዛብህና የሰብለ ፍቅር ማሩ ቢሆን፣ በመሳፍንቱ ሥርዓት ላይ የተሰነዘረው ነቀፋ ጌሾው ነው። ምሬቱ ባይኖር ኖሮ ልብ ወለዱ ብርዝ ሆኖ በቀረ ነበር ለማለት ይቻላል።

እንግዲህ ተማሪው አንድን ድርሰት «በስሏል» ከማለቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይገባዋል፦ ጥንስሱ ምን ነበር? የቱ ክፍል ጠልሏል፣ የቱስ ገና ጉሽ ነው? መጽሐፉ ከተዘጋ በኋላ የሚቀረው ቃናስ ምንድን ነው? እነዚህን ሳይመልስ የሚሰጠው ፍርድ፣ ብርሌውን ሳያነሣ ጠጁን እንደሚያመሰግን እንግዳ ያደርገዋል።