ተጨማሪ መረጃ፦ የኤሌክትሪክ መኪና የኪራይ ውል

ኢትዮጵያ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለችበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ እንደ ቮልስዋገን አይዲ 4 ያሉ ከፍ ያሉ የኤሌክትሪክ መኪኖች በርክተዋል። ለረጅም ጊዜ ሲከራዩአቸው በወርኃዊ ክፍያው ላይ ብቻ መከራከር ብዙም አይጠቅም። ክፍያው የሚመነጨው መኪናው በውሉ ዘመን ከሚያጣው ዋጋና ከወለዱ ስለሆነ፣ ድርድሩ የሚጀመረው ከመኪናው መነሻ ዋጋ ነው።

የኪሎ ሜትር ገደቡም ይታያል፤ ከእንሴኖ ወደ ቡታጅራና አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሰው ለከተማ ውስጥ ጉዞ የታሰበ ገደብ አይበቃም።

ከሁሉ የሚከብደው ባትሪው ነው። በርክክብ ጊዜ ቀሪ አቅሙ ተለክቶ በውሉ ካልሰፈረ፣ ቀድሞ የደረሰው ድካም በተከራዩ ላይ ሊታሰብ ይችላል። ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች የቻርጅ ሶኬት ከአውሮፓው ስለሚለይ፣ ቻርጀሩን ማን እንደሚያቀርብም በጽሑፍ ይወሰናል።