«ብሊዛርድ» ማለት ምን ማለት ነው?

በሰሜን አሜሪካ የክረምቱ ወሬ በተነሣ ቁጥር፣ ይኸውም በኛ አገር በጋው በገባ ጊዜ መሆኑ ነው፣ «ብሊዛርድ» የሚባለው ቃል ከራዲዮና ከጋዜጣ አይጠፋም። ወደ አማርኛ ሲመለስ ብዙውን ጊዜ «ከባድ በረዶ» ተብሎ ይታለፋል። ትርጕሙ ሐሰት ነው ባይባልም ጐደሎ ነው፤ የጐደለውም ሰውን የሚገድለው ክፍል ነው። እንዴት ቢሉ፣ ብሊዛርድን ብሊዛርድ የሚያሰኘው የበረዶው ብዛት ሳይሆን የነፋሱ ብርታትና የዓይን መጋረዱ ነውና።

የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ጠባይ አገልግሎት ለቃሉ ሦስት መለኪያ አበጅቶለታል። አንደኛ፣ ነፋሱ ሳያቋርጥ ወይም እየደጋገመ በሰዓት 35 ማይል፣ ማለት 56 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ወይም ከዚያ በላይ መንፈስ አለበት። ሁለተኛ፣ ከሰማይ የሚወርደው ወይም ከመሬት የሚነሣው በረዶ ከሩብ ማይል፣ ማለት ከ400 ሜትር ያህል፣ ወዲያ የማያሳይ መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ ይህ ሁሉ ሦስት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ መቆየት አለበት። ካናዳ ደግሞ ነፋሱን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር፣ ጊዜውን ቢያንስ አራት ሰዓት አድርጋ ወስናለች። ስለዚህ በረዶ ቀኑን ሙሉ በዝግታ ወርዶ እስከ ወገብ ቢከመር ብሊዛርድ አይባልም። በአንጻሩ ከሰማይ አንዲት ቅንጣት ሳትወርድ፣ ቀድሞ መሬት ላይ የተኛውን በረዶ ነፋስ አንሥቶ ዓይን ቢጋርድበት ብሊዛርድ ነው፤ ይህኛውን «የምድር ብሊዛርድ» ይሉታል።

ቃሉ ያን ያህል ጥንታዊ አይደለም። ከየት እንደ መጣ የቋንቋ ሊቃውንት አልተስማሙም፤ ነገር ግን በኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአሜሪካ ሲነገር ትርጕሙ ብርቱ ምት ወይም የጥይት ናዳ ነበር። በ1835 በዴቪ ክሮኬት ስም በታተመው የጉዞ መጽሐፍ ሰውን በንግግር ማጥቃትም በዚሁ ቃል ተጠርቷል። ቃሉን ለበረዶ ማዕበል በማዋል የሚታወቀው በአዮዋ ግዛት ኤስተርቪል በምትባል አነስተኛ ከተማ ይታተም የነበረ ጋዜጣ ነው፤ በ1870 በማርች ወር የደረሰውን ማዕበል በዚህ ስም ጻፈው። ከ1880 እስከ 1881 የነበረው ክረምት እጅግ የበረታ ስለ ነበረ ጋዜጦች ቃሉን እየተቀባበሉ በአገሩ ሁሉ አዳረሱት። ሰፋሪዎቹ በረዶን ያውቁት ነበር፤ ነገር ግን ዛፍም ኮረብታም በማይከላከልበት ሜዳ ላይ ነፋስ በረዶን እየነዳ ሲመጣ የቀድሞው ስም አልበቃቸውም።

ያልበቃቸው ለምን እንደ ሆነ የ1888 ዓመት ያስረዳል። በዚያ ዓመት ጃንዋሪ 12 ቀን በዳኮታና በነብራስካ ሜዳዎች ጧቱ ለወቅቱ ሞቅ ያለ ነበርና፣ ገበሬው ወደ ከብቱ፣ ልጁም ወደ ትምህርት ቤቱ ስስ ልብስ ለብሶ ወጣ። ማዕበሉ ግን በድንገት ደረሰ። በረዶው እንደ ዱቄት የላመ ስለ ነበረ ሰው ፊት ለፊቱን ማየት ተሳነው። 235 ሰዎች ያህል እንደ ሞቱ ይገመታል፤ ከነሱም ብዙዎቹ ልጆች ስለ ነበሩ ዕለቱ «የተማሪዎች ብሊዛርድ» እየተባለ ይታወሳል። ሚኒ ፍሪማን የተባለች የነብራስካ ወጣት አስተማሪ ግን፣ ነፋሱ የትምህርት ቤቱን ጣራ ሲገነጥል ተማሪዎቿን ሰብስባ በአቅራቢያው ወዳለ የገበሬ ቤት በደኅና አደረሰቻቸው። የዚያ ሜዳ ገበሬዎች ከቤት እስከ በረት ገመድ ይዘረጉ የነበረው፣ ሰው ከገዛ ደጁ ጥቂት እርምጃ ርቆ ጠፍቶ እንደሚቀር ስላወቁ ነው። በዚያው ዓመት በማርች ወር ኒው ዮርክን የመታው ብሊዛርድ ደግሞ በከተማይቱ ብቻ 200 ያህል ሰው ገደለ፤ የቴሌግራፍና የቴሌፎን ሽቦዎችንም በጣጠሰ። ሽቦን ከመሬት በታች የመቅበሩ ሥራ ከዚያ በኋላ በረታ።

ዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ቃሉን በምሳሌም ይጠቀሙበታል፤ በአንድ ጊዜ የሚጐርፍን ጥያቄ ወይም ወረቀት ብሊዛርድ ይሉታል። ጠረጴዛው በፋይል የተሸፈነ ወጣት ሹም ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። በዚህ ክፋት የለበትም፤ ቃሉ ወደ ጥንተ ነገሩ ተመለሰ ማለት ነው። ጥቂት በረዶ በጣለ ቁጥር «ብሊዛርድ መጣ» ማለት ግን ቃሉን ያረክሰዋል፤ እውነተኛው ማስጠንቀቂያ ሲነገርም ሰሚ ያሳጣል።

ለአማርኛችን ምን ይሻላል? በረዶ ለአገራችን ፍጹም እንግዳ አይደለም። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት አዱሊስ ላይ የገለበጠው የግሪክኛ የድንጋይ ጽሑፍ፣ አንድ ንጉሥ በሰሜን ተራሮች ያደረገውን ዘመቻ ሲተርክ፣ በዚያ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንዳለ ይናገራል። ሆኖም «በረዶ» ስንል ከዝናብ ጋር የሚወርደውንም ጠጣር፣ እንደ ጥጥ የሚረግፈውንም በአንድነት እንጠራለን፤ ለዚህ ለሁለተኛው «አመዳይ» የሚል ቃል አለን። ዝናብን በመለየት ደግሞ ማንም አይቀድመንም፤ ካፊያው ሌላ፣ ዶፉ ሌላ ነው፤ ነፋስ እያዳፋ በጐን የሚያመጣው ውሽንፍር ይባላል። እንግዲህ ብሊዛርድን «የአመዳይ ውሽንፍር» ብንለው ነፋሱም አመዳዩም በስሙ ውስጥ ይገባሉ።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በሚኔሶታና በኮሎራዶ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ሁለቱም ግዛቶች ብሊዛርድ የሚጐበኛቸው ናቸው። «ከባድ በረዶ ይጥላል» ሲባል የሰማ ሰው ወፍራም ካፖርት ደርቦ መኪናውን ያስነሣል፤ «መንገድ የሚያጠፋ የአመዳይ ውሽንፍር ይመጣል» ሲባል የሰማ ግን ከቤቱ አይወጣም። መንገድ ላይ የተያዘ ሰውም ቢሆን ከመኪናው ወርዶ በእግሩ እንዳይሄድ፣ ሞተሩን በየሰዓቱ ዐሥር ደቂቃ ያህል ብቻ እንዲያስነሣ፣ አስቀድሞም የጭስ ማውጫውን ከበረዶ እንዲያጸዳ ይመከራል፤ መውጫ ያጣ ጭስ ወደ ውስጥ ተመልሶ ይገድላልና። ዜና የሚተረጕም፣ ለዘመዱም በስልክ የሚነግር ሁሉ፣ በረዶውን ሲጠራ ነፋሱን አይርሳ።