የደከመና የተቆጣ መከላከያ

በጽኑ የኮቪድ-19 ሕመም የሊምፎሳይት ቁጥር በእጅጉ እንደሚያሽቆለቁል ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። የቀሩትም ቢሆኑ ብርቱዎች አይደሉም፤ ለህዋስ ኃይል የሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያ ስለሚታወኩ ቲ-ህዋሳት እንደሚገባ መባዛትና መዋጋት ይሳናቸዋል።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ማይቶኮንድሪያ ከጥንት ባክቴሪያ የመነጩ በመሆናቸው፣ ሲጎዱ የሚያፈሱትን ዲ.ኤን.ኤ. ሰውነት እንደ ወራሪ ሊቆጥረው ይችላል፤ በዚህም የሚነሣው መቆጣት ሳንባን ጨምሮ ጤናማ አካላትን ይጎዳል። እንግዳ ቢመስልም፣ የአንዱ ሕመምተኛ መከላከያ በአንድ ጊዜ የደከመም የተቆጣም ነው።

በ2020 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የተካሄደው የሪከቨሪ ጥናት፣ ዴክሳሜታሶን ኦክስጅን በሚሰጣቸው ሕሙማን ላይ ሞትን እንደሚቀንስ፣ ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው ግን ጥቅሙ እንዳልታየ አሳይቷል። ቀላል ሕመም ላለበት ሰው «ለጥንቃቄ» ተብሎ ሲታዘዝ በሥራ ላይ ያለውን መከላከያ ሊያዳክም ይችላል።