እንስሳን በሽልማት ስለ መግራት፤ ይህም ጥበብ ከዐዋቂ ገሪ ዘንድ እንዴት እንደሚገኝ

ከብት የሚያረባ ሰው ሁሉ፣ ቢያስተውለውም ባያስተውለውም፣ በየቀኑ እንስሳቱን ያስተምራል። ላም ስትጠራ ወደ በረቷ የምትገባው በዚያ ጨው ስለ ቀመሰች ነው፤ ውሻም ከማዕድ አጠገብ የሚጠባበቀው አንድ ቀን ፍርፋሪ ስለ ወደቀለት ነው። ከዚህ እንደሚታወቀው፣ እንስሳ ከሠራው ሥራ ወዲያው ቀጥሎ መልካም ነገር ቢያገኝ ያንኑ ሥራ ይደግመዋል። በሽልማት መግራት ማለትም ይህን የተፈጥሮ ሥርዐት ዐውቆ በጊዜው መሥራት ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ጅራፍም ያስተምራል፤ ነገር ግን የሚያስተምረው ገሪው ያሰበውን ብቻ አይደለም። በዱላ ብዛት የቀና ወይፈን ቀንበር ከመሸከም ጋር የሰውን እጅ መፍራት ይማራል። ደግሞም ዱላ «ይህን ተው» ይላል እንጂ «ይህን አድርግ» ለማለት አይችልም። ሽልማት ግን የሚፈለገውን ሥራ ለይቶ ያሳያል።

ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው፤ እጅ ግን ቶሎ አይለምደውም። ስለዚህ ከዐዋቂ አጠገብ ተቀምጦ መማር ያስፈልጋል። ለዚህ መልካም ምሳሌ የሚሆነው በአሜሪካ፣ በአርካንሳስ ግዛት፣ በሆት ስፕሪንግስ ከተማ ይሰጥ የነበረው ትምህርት ነው። የሥነ ልቡና ሊቅ የስኪነር ተማሪዎች የነበሩት ኬለር ብሬላንድና ሚስቱ ማሪያን በ1940ዎቹ ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) እንስሳትን በሽልማት የሚገራ ድርጅት አቋቋሙ። ኬለር በ1965 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ ማሪያን፣ ቀድሞ ለባሕር ኃይል ዶልፊን ይገራ ከነበረው ከቦብ ቤይሊ ጋር ሥራውን ቀጠለች። በኋለኛው ዘመናቸውም ሁለቱ ውሻ ገሪዎችን ሰብስበው ጥበቡን በዶሮ ያስተምሩ ነበር።

ዶሮ የተመረጠችበት ምክንያት አለው። ውሻ ጌታውን ስለሚወድ የገሪውን ስሕተት ይሸፍንለታል፤ ዶሮ ግን ለማንም አታዳላም። ራሷን በፍጥነት ታንቀሳቅሳለች፤ ዋጋዋ ቢዘገይ ትታ ትሄዳለች። ስለዚህ የተማሪው ጉድለት ወዲያው ይገለጣል።

ተማሪው በመጀመሪያ ያለ ዶሮ እጁን ያለማምዳል፤ በአንድ እጁ ቀጭ የምትል ትንሽ መሣሪያ፣ በሌላው ጥሬ ያለበት ጽዋ ይይዛል። ቀጥሎ ዶሮዋ ከጠረጴዛ ላይ ትቆምና ከልዩ ልዩ ቀለም ክቦች አንዱን ብቻ እንድትነቁር ትማራለች። በነቆረችበት ቅጽበት ድምፁ ይሰማል፤ ጥሬውም ይከተላል። ድምፁ የዐይን ጥቅሻ ያህል ቢዘገይ ግን ዶሮዋ የተሸለመችው ስለ መንቆሯ ሳይሆን ራሷን ቀና ስለ ማድረጓ ይሆናል። ዐዋቂው መምህር ከዶሮዋ ይልቅ የተማሪውን እጅ ይመለከታል፤ ዶሮዋ ካልገባት ጥፋቱ የእርሷ አይደለምና።

የዚህ ትክክለኛነት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የተመሠረተው አፖፖ የተባለው ድርጅት በታንዛኒያ በሞሮጎሮ ከተማ፣ በሶኮይኔ የእርሻ ዩኒቨርሲቲ፣ ጉንጩ እንደ ከረጢት የሆነውን ታላቁን የአፍሪካ አይጥ በዚሁ ዘዴ ይገራል። አይጡ ገና በልጅነቱ ሰውን ይለምዳል፤ ከዚያ «ቀጭ» የሚለውን ድምፅ ምግብ እንደሚከተለው፣ ኋላም የፈንጂን ሽታ ሲያገኝ ድምፁ እንደሚሰማ ይማራል። ይህም 9 ወር ያህል ይፈጃል። አይጡ ቀላል ስለ ሆነ ፈንጂውን ሳያፈነዳ በላዩ ይሄዳል፤ ሽታውንም ሲያገኝ ምድሩን ይጭራል። ማጋዋ የተባለ አይጥ በካምቦዲያ በሠራበት ዘመን ከ100 በላይ ፈንጂና ሌላም የጦር ቅሪት አግኝቷል፤ በ2020 ዓ.ም. ከአንድ የእንግሊዝ የበጎ አድራጎት ማኅበር የወርቅ ሜዳይ ተሸልሟል። የሳንባ ነቀርሳን ከአክታ ሽታ የሚለዩ አይጦችም በታንዛኒያና በአዲስ አበባ ሠርተዋል። እንግዲህ ገሪው ባልተገባ ቦታ ቢሸልም፣ አይጡም ፈንጂውን ቢያልፈው፣ የአንድ ቅጽበት ስሕተት በሌላ ሰው እግር ይከፈላል። ስለዚህ አይጡ ሳይፈተን ወደ ሥራ አይሰማራም።

መምህራን ይህን ለማሳየት ቢፈልጉ አንዲት ዶሮና እፍኝ ጥሬ ይበቃቸዋል። ዶሮዋ ሳትጠግብ፣ አንድ አጭር ድምፅ ይሰማና ጥሬ ይሰጣት፤ ድምፁን በሰማች ጊዜ ጥሬውን መፈለግ እስክትጀምር ይደጋገም። ከዚያ አንድ የቆርቆሮ ክዳን ከፊቷ ይቀመጥ፤ በመጀመሪያ ወደ እርሱ ስለ ተመለከተች፣ ቀጥሎ ስለ ቀረበች፣ በመጨረሻ ስለ ነቆረች ትሸለም። ብትሳሳት አትመታ፤ ወደ ቀደመው ደረጃ ትመለስ እንጂ። ሳይሰለቻትም ትምህርቱ ይቁም።

በቅሎ የገሩ፣ ወይፈን ያቀኑ ሽማግሌዎች በዚህ ጊዜ አጠገብ ቢቀመጡ ጥቅሙ ብዙ ነው፤ እንስሳ ከመሥራቱ በፊት በጆሮውና በዐይኑ የሚያሳየውን ምልክት ከመጽሐፍ ይልቅ እነርሱ ያውቁታልና። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዶሮዋ ብቻ ሳይሆን ለገሪዋም ጭምር ነው።