ራሱን የተመታ ሰው ትናንትን ሲረሳ

ኅዳር ሲገባ በወለጋ ማር ይቆረጣል። ቀፎው የሚሰቀለው ረጅም ዛፍ ላይ ነው። ንብ በቀን ኃይለኛ ስለሆነ ባለ ቀፎው በጨለማ ይወጣል። በአንድ እጁ ጭስ ይይዛል፤ በሌላው እጁ ቅርንጫፍ ይይዛል። እግሩ ካዳለጠው የሚደግፈው የለም።

ዲጋ ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ማር ብቻ ሳይሆን ማንጎም ከዛፍ ይወርዳል። በመንገዱ ላይ ሞተር ብስክሌት፣ ባጃጅና አይሱዙ ይሮጣሉ። ስለዚህ ራሱን የሚመታ ሰው አይጠፋም። አንዳንዱ ይሞታል፤ አንዳንዱ ይድናል። ሌላም ዓይነት ሰው አለ፤ ስለ እሱ ግን ብዙ አይወራም። ቁስሉ ሽሯል። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሄዳል። ትናንት ያደረገውን ግን አያውቅም። ዛሬ የምንጽፈው ስለዚህ ሰው ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ገበሬ እናስብ። ስም አንሰጠውም። ዕድሜው አርባ ነው። ሚስትና አራት ልጆች፣ ሁለት በሬና አንድ ወይፈን አለው። ማር ሊቆርጥ ወጥቶ ከዛፍ ወደቀ። ሦስት ቀን ራሱን ሳያውቅ ቆየ። ከወር በኋላ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ገባ። ጎረቤት ሁሉ «እንኳን እግዜር አተረፈህ» አለው። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ በዚያ ቤት እንዲህ ይባላል፦

«አንቺ፣ ወይፈኑ የት ሄደ?»

«ቅዳሜ ገበያ ወስደው ሸጡት እኮ፣ አባቱ።»

«እኔ? እኔ አልሸጥኩም!»

ፀሐይ ሳትሞቅ ይኸው ጥያቄ ሦስት ጊዜ ይመጣል። ሚስቱ በመጀመሪያው ቀን በትዕግሥት ትመልሳለች። በሃያኛው ቀን ትቆጣለች። ብትቆጣም አይፈረድባትም። ጎረቤት ደግሞ «ዕዳውን ላለመክፈል ነው፤ አውቆ ነው» ይላል።

አውቆ አይደለም።

አንጎል ውስጥ የሆነው ምንድን ነው?

አንጎል እንደ ለጋ ቅቤ ለስላሳ ነው። በራስ ቅል ውስጥ በውሃ ተከቦ ይኖራል። በቅል ውስጥ ያለ ወተት አስቡ። ቅሉን እያወዛወዛችሁ ድንገት ብታቆሙት ወተቱ አይቆምም፤ ሄዶ ከቅሉ ጎን ጋር ይላተማል። ሰው ወድቆ ራሱ መሬት ሲመታም እንዲሁ ነው። ራስ ቅሉ ይቆማል፤ አንጎሉ ግን ሄዶ ከአጥንቱ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ቆዳው ሳይቆስል፣ ደም ሳይፈስ፣ ውስጡ ሊጎዳ ይችላል።

ከጆሮ በላይ፣ በስተውስጥ በኩል፣ በግራም በቀኝም፣ አንድ ትንሽ የአንጎል ክፍል አለ። ሐኪሞች ሂፖካምፐስ ይሉታል። ሥራው ዛሬ ያየነውንና የሰማነውን ለነገ ማስቀመጥ ነው። እህል ወደ ጎተራ እንደሚያስገባ ሰው ነው። እሱ ሲጎዳ በጎተራው ውስጥ የነበረው የድሮ እህል ይኖራል። የዘንድሮው ግን ውጭ ይቀርና ዝናብ ይመታዋል።

ለዚህ ነው ሰውየው የልጅነቱን ወንዝ የሚያስታውሰው። ሠርጉን ያስታውሳል። ማረስም ያውቃል፤ እጅ የለመደው ሥራ በሌላ የአንጎል ክፍል ይጠበቃልና። ከመውደቁ በፊት ፊደል ቆጥሮ ከነበረ ንባቡም ብዙ ጊዜ አይጠፋም። የጠፋው የትናንቱ ነው። ከመውደቁ በፊት የነበሩት ቀኖችም፣ አንዳንዴ ወሮች፣ ይጠፋሉ። የወደቀበትን ሰዓት ብዙ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አያስታውሰውም። ስለዚህ «እስቲ አስታውስ፣ እንዴት ወደቅህ?» እያሉ ማስጨነቅ ጥቅም የለውም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ቤተሰብን በጣም የሚያስቀይመው ይህ ነው። ሰውየው ያላደረገውን አደረግሁ ይላል። «ትናንት ዲዴሳ ወርጄ መጣሁ» ይላል፤ ትናንት ግን ከደጅ አልወጣም። ይህ ውሸት አይደለም። አንጎሉ ባዶውን ቦታ ባገኘው ነገር ይሞላዋል። ሰውየው ራሱ እውነት መስሎት ነው የሚናገረው። «ዋሸህ» ካላችሁት ይጣላችኋል። «ትናንት እኮ ቤት ነበሩ፤ በቆሎ ስንፈለፍል ዋልን» ማለት ይበቃል።

አንድ እውነተኛ ሰው

በካናዳ አገር፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ ኬንት ኮክሬን የሚባል ሰው ነበር። በ1974 ዓ.ም. መጀመሪያ ከሞተር ብስክሌት ላይ ወደቀ። ያን ጊዜ ዕድሜው 30 ነበር። አንጎሉ ክፉኛ ተጎዳ፤ በሁለቱም በኩል ያለው ሂፖካምፐስ ጭምር። ኢንደል ተልቪንግ የሚባሉ የታወቁ ምሁርና ባልደረቦቻቸው ብዙ ዓመት አጠኑት።

ኮክሬን ይናገራል፣ ያነባል፣ ይጫወታል። የመኪና ጎማ እንዴት እንደሚቀየር ያውቃል። ጎማ የቀየረበትን አንድ ቀን ግን አያስታውስም። ወንድሙ እንደ ሞተ ያውቃል። ሲሞት የሆነውን፣ መርዶውን እንዴት እንደ ሰማ ግን አያውቅም። ከሕይወቱ ውስጥ «እዚያ ነበርኩ፤ እንዲህ ሆነ» ብሎ የሚያወጋው አንድ ቀን እንኳ የለውም። ምሁራኑን ያስገረመ ሌላም ነገር ነበር። «ነገ ምን ታደርጋለህ?» ሲሉት መልስ የለውም። ያለፈው ሲጠፋበት የሚመጣውን ማሰብም አቃተው።

ይሁን እንጂ ከኮክሬን አንድ ተስፋ ተገኘ። አዲስ ነገር በዝግታ ሊማር እንደሚችል ታየ። ነገሩ ብዙ ጊዜ ይደጋገምለታል፤ እንዳይሳሳትም ትክክለኛው ነገር ብቻ ይነገረዋል። እንዲህ ሲሆን ይማራል፤ መቼ እንደ ተማረው ግን አያውቅም። ኮክሬን በ2006 ዓ.ም. ሞተ። የተማሩበት ሐኪሞች ግን ዛሬም ለቤተሰብ ይህንኑ ይመክራሉ፦ የረሳውን ሰው «ገምት» አትበሉት፤ ገምቶ ከተሳሳተ ስሕተቱ ይቀርበታል። መልሱን ንገሩትና እሱ ይድገመው።

ደብተሩ

ትዝታን መልሶ የሚያመጣ ኪኒን የለም። አንጎሉ ግን በራሱ ጥቂት በጥቂት ይሻሻላል። ብዙው መሻሻል በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ይታያል፤ ከዚያም በዝግታ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ይቀጥላል። እንቅልፍ ይረዳዋል። አረቄና ጠጅ ይጎዱታል፤ ጠላም ቢሆን ይቅርበት። ቶሎ ይደክማል፣ ቶሎ ይናደዳል፤ ይህም ከጉዳቱ የመጣ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ አያውራው።

ለቀረው ችግር የተገኘው መድኃኒት እርሳስና ደብተር ነው። ይህን ስንጽፍ አንባቢ እንዳይስቅብን። በትልልቅ ሆስፒታሎችም ለእንዲህ ያለ ሰው የሚሰጠው ደብተር ነው።

ደብተሩ አንድ ብቻ ይሁን። በሲባጎ ታስሮ ሁልጊዜ በአንድ ምሰሶ ላይ ይሰቀል። ቦታው ከተለዋወጠ ደብተሩን ራሱን ይረሳዋል። ገመዱም፣ ማጭዱም፣ ባርኔጣውም እንዲሁ የየራሳቸው ችካል ይኑራቸው። በየማታው ሦስት አራት መስመር ይጻፍ። ቀኑ ይጻፍ። ማን መጣ? ምን ተሸጠ? መድኃኒት ተዋጠ? ነገ ምን ይሠራል? ረጅም ጽሑፍ አያስፈልግም። «ቅዳሜ። ወይፈኑን ሸጥኩ። ገንዘቡ ሣጥን ውስጥ ነው።» ይበቃል።

ከተቻለ ሰውየው በገዛ እጁ ይጻፍ። ምክንያት አለው። ሚስቱ የጻፈችውን «አንቺ ነሽ የጻፍሽው» ብሎ ሊከራከር ይችላል። የራሱን እጅ ጽሑፍ ግን ያውቀዋል። ማንበብ የማይችል ከሆነ ልጁ ታንብብለት። ቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር ከሆነ በኦሮምኛ፣ በቁቤ ይጻፍ። ዋናው ነገር ለእሱ የሚቀለው ነው።

አሁን ወደ ገንዘብ ነገር እንምጣ፤ እንዲህ ያለ ቤት የሚፈርሰው በዚህ በኩል ነውና። የሚረሳ ሰው ለአታላይ ቀላል ነው። አንዱ መጥቶ «የማዳበሪያውን ብር አልሰጠኸኝም» ይለዋል። ሰውየው ባለፈው ሳምንት ከፍሏል፤ ግን አያስታውስም። ያፍራልም። ደግሞ ይከፍላል። ሌላው መጥቶ «መሬትህን ለሦስት ዓመት አከራይተኸኛል፤ እዚህ ላይ ጣትህን አድርግ» ይለዋል። ሰውየው መርሳቱ እንዳይታወቅበት ብሎ ጣቱን ያደርጋል።

ስለዚህ ቤተሰቡ አስቀድሞ ይመካከር። ሰውየው ራሱም በምክሩ ይኑርበት፤ ያልተጠየቀ ሰው ይከፋል። ብቻውን እንዳይፈርም፣ ብቻውን እንዳይሸጥ ይስማሙ። የተከፈለ ብር ሁሉ ይጻፍ፤ የተቀበለው ሰው ይፈርም፤ ምስክር ይኑር። የዕድሩ ዳኛና የቅርብ ጎረቤቶች ነገሩን ይወቁት። መሰወር ይብሳል። አንዳንድ ቤተሰብ «ቡዳ በላው፣ ጋኔን ያዘው» እንዳይባል ብሎ በሽተኛውን ይደብቃል። ሌላው ደግሞ ያስረዋል። መጸለይ መልካም ነው፤ ማንም አይከለክልም። ማሰርና መምታት ግን የተጎዳውን አንጎል የባሰ ይጎዳዋል።

ሐኪም ዘንድ የሚያስሮጥ ምልክት

ሰው ራሱን ሲመታ ቢነሳም እንኳ ያን ቀንና ሌሊት የሚጠብቀው ሰው አይለየው። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ከእንቅልፍ አልነቃ ካለ፣ ካንቀጠቀጠው፣ አንድ እጁ ወይም እግሩ ከሰነፈ፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም ንጹሕ ውሃ ከፈሰሰ ጊዜ አይሰጥም። ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ራሱን ካላወቀ ውሃም ምግብም አይሰጠው፤ ያንቀዋል። ስታነሡት አንገቱን አታጣምሙት።

ሌላም አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ሰውየው ደህና ሆኖ ሰንብቶ ከሳምንታት በኋላ ግራ መጋባት ይጀምራል፤ አካሄዱ ይበላሻል፤ እንቅልፍ ያበዛል። በተለይ በሽማግሌዎች ይህ ይደርሳል። «እርጅና ነው» ተብሎ ይተዋል። ነገር ግን በራስ ቅሉና በአንጎሉ መካከል ደም ቀስ እያለ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። ይህ በምርመራ ይታወቃል፤ በቀዶ ሕክምናም ይወጣል። ሰውየው ሊድን ይችላል። ቀድሞ የአንጎል ቀዶ ሐኪም የሚሆነው ውጭ አገር የተማረ ብቻ ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥልጠናው የተጀመረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ነው። ከዲጋ የተነሣ በሽተኛ በመጀመሪያ ነቀምቴ ይታያል፤ ካስፈለገም ከዚያ ይላካል።

መርዶ

በጣም የሚከብደውን ለመጨረሻ አቆየነው። ያ ለምሳሌ ያመጣነው ገበሬ በሆስፒታል ሳለ እናቱ ሞታለች እንበል። ቤቱ ሲገባ «እማዬ የት አለች?» አለ። ነገሩት። አለቀሰ። በማግሥቱ ተነሥቶ «እማዬ የት አለች?» አለ።

በአገራችን መርዶ በሥርዓት ይነገራል። ዘመድ ይሰበሰባል፤ ማለዳ ይመጣሉ፤ አብረው ያለቅሳሉ። ያ ሁሉ አንድ ጊዜ ነው። ለዚህ ሰው ግን ጠዋት ሁሉ መርዶ ሊሆንበት ነው። ምን ይደረግ? አንዳንዱ «አሞሌ ልትገዛ ሄደች በሉት» ይላል። እኛ ይህን አንወደውም። ሲመሽ ይጠብቃታል፤ ሳትመጣ ስትቀር ይጨነቃል፤ አንድ ቀን ከሌላ ሰው አፍ ይሰማዋል። በየጠዋቱም እንደ አዲስ ተሰብስቦ ማርዳት ጭካኔ ነው።

የተሻለው እንዲህ ነው። አንድ ቀን፣ ልቡ ረጋ ባለበት ሰዓት፣ የሚወደው ሰው አጠገቡ ይቀመጥ። መቃብሯን ይየው። ከዚያ በደብተሩ መጀመሪያ ገጽ ላይ በገዛ እጁ ይጻፈው፦ ስሟን፣ የሞተችበትን ቀን፣ የተቀበረችበትን ቦታ፣ የቀበሯትን ሰዎች። «እኔም አልቅሻለሁ» ብሎ ይጨምርበት። በማግሥቱ ሲጠይቅ ረጅም ነገር አይነገረው። «ደብተርዎን ይዩት፣ አባቱ» ትበለው፤ እሷም አጠገቡ ትሁን።

ያነባል። የራሱ እጅ መሆኑን ያያል። ጥቂት ዝም ይላል። ከዚያ ገጹን ገልጦ የዛሬውን ይፈልጋል። «ሰኞ። በሬዎቹን ውሃ ማጠጣት» ይላል። ገመዱ በችካሉ ላይ ነው።