ጠላ ቤትና ኮረፌ ቤት በደባርቅና በዳባት

በወገራ ደጋና በስሜን ተራሮች ግርጌ በሚገኙት በዳባትና በደባርቅ ከተሞች ለመንገደኛና ለገበያተኛ ምግብና መጠጥ የሚሸጥባቸው ነባር ቤቶች አሉ፤ ሕዝቡም እንደሚሸጡት መጠጥ ጠላ ቤት፥ ኮረፌ ቤት ወይም አረቄ ቤት እያለ ይጠራቸዋል። ስም የተጻፈበት ሰሌዳ አያስፈልጋቸውም። በደጃፉ በተተከለ እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ወይም ኩባያ ከታየ በውስጡ መጠጥ መኖሩ ይታወቃል።

ባላገሩ በጥንቱ ልማድ ምግብን ለሽያጭ እንደሚቀርብ ዕቃ አይቈጥረውም ነበር። የመሸበት መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ከደጅ ከቆመ ያደረበት ቤት ያለውን ያቀርብለታል፤ ዋጋ መጠየቅም ነውር ነው። በአዲስ አበባ እንኳ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ባቋቋሙ ጊዜ መኳንንቱ በገንዘብ መብላትን ስላፈሩ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው እንዳደፋፈሯቸው ይነገራል። በስሜን በኩል ይህን ልማድ የለወጠው ከሁሉ ይልቅ የመኪናው መንገድ ነው። ኢጣልያኖች በወረራቸው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ከጎንደር ወደ አሥመራ የሚወስደውን መንገድ በዳባትና በደባርቅ አሳልፈው በሊማሊሞ ገደል ቁልቁል ሠሩት፤ በወልቀፊት የነበረው ጦራቸውም እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ የጭነት መኪና ነጂው ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት፥ ወይም ዳገቱን ከወጣ በኋላ፥ ደባርቅ ላይ ማረፍ ግድ ሆነበት። ነጂው የእግዜር እንግዳ አይደለም፤ ደመወዝ አለው፥ ተመልሶም ይመጣል። እንዲህ ያለውን ሰው በነጻ ማብላት የሚችል ቤት የለም።

ሆኖም ሻጪቱ ዋጋ ብትቀበልም የአስተናጋጅነትን ወግ አልተወችም፤ ይህም ለጥናት የሚገባ ነገር ነው። ገዢው በጭቃ በተሠራው መደብ ላይ ይቀመጣል፤ ለሽማግሌና ለካህን ወጣቱ ተነሥቶ ከምድጃው የሚቀርበውን ስፍራ ይለቅቃል። ባለቤቲቱ ከመቅዳቷ በፊት ጥቂት በመዳፏ አፍስሳ ትቀምሳለች። ይህ በጥንት ጊዜ መርዝ አለመኖሩን ማረጋገጫ ነበር፤ ዛሬ አክብሮት ነው። በመጨረሻም ከተከፈለው በላይ ምራቂ ትጨምራለች፤ ምራቂ የነፈገች ሴት ደንበኛ አይበረክትላትም። ስለዚህ በአንዱ ጣሳ ውስጥ የተሸጠውም የተሰጠውም ይገኛል።

የምግቡ ዓይነት ደጋውን ይከተላል። በዚህ ከፍታ የሚበቅለው ገብስ፥ ስንዴ፥ ባቄላና ተልባ ሲሆን ጤፍ ከዝቅተኛው አገር በገበያ ይመጣል፤ ስለዚህ የነባሩ ቤት እንጀራ ብዙውን ጊዜ ገብስ ወይም ቅልቅል ነው። ረቡዕና ዓርብ፥ በዐቢይ ጾምም፥ ሽሮና የተልባ ወጥ ይቀርባል፤ በፍስክ የበግ ቅቅልና ጥብስ አለ። ሙስሊምና ክርስቲያን አንዱ ያረደውን ሌላው ስለማይበላ የሙስሊሞች ምግብ ቤት ለብቻው ነው። በመንገዱ ዳር ባሉት ቤቶች የሚገኘው ፓስታ በበርበሬ ስጎ ግን ለማንም እንግዳ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል።

ከመጠጦቹ ይልቅ ለዚህ አገር ልዩ የሆነው ኮረፌ ነው። የተፈተገው ገብስ ሌሊቱን በውሃ ተዘፍዝፎ ያድርና ይታመሳል፤ አሻሮው ተፈጭቶ ከደረቀ የጌሾ ቅጠልና ከውሃ ጋር በሸክላ ዕቃ ይጠነሰሳል፤ ሁለት ወይም ሦስት ወርም ይቆያል። መጠጡ በተፈለገ ጊዜ ከድፍድፉ ጥቂት ተወስዶ ውሃ ይጨመርበታል፥ አንድ ቀን አድሮም አረፋ እየነፋ ይጠጣል። ጠላ ግን ከደረሰ በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ ካልተሸጠ ይኮመጥጣል። የሁለቱ ልዩነት የጣዕም ብቻ አይደለም። የኮረፌ ድፍድፍ በጋን የተቀመጠ ገንዘብ ነው፤ ባለቤቲቱ ለነገ ገበያ ዛሬ የፈለገችውን ያህል ታወጣለች፥ የቀረው አይበላሽባትም።

ይህ ለማን እንደሚጠቅም ለመረዳት የቤቶቹን ባለቤቶች ማየት ይበቃል። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ባላቸው የሞተባቸው ወይም የተፋቱ ናቸው። በአማራው ልማድ ሴት ርስት ትወርሳለች፤ ነገር ግን ሞፈር መጨበጥ የወንድ ሥራ ስለ ሆነ ብቻዋን የቀረችው መሬቷን ለሌላ አሳርሳ ምርቱን ትካፈላለች። የተካፈለችውን ገብስ እንዲሁ ብትሸጠው የምታገኘው ጥቂት ነው፤ ጠላ ወይም ኮረፌ ብታደርገው ግን የራሷን ድካምና ባልትና ጨምራ ትሸጠዋለች። ጎረቤቱ በገበያ ቀን ከቤቷ እየጠጣ «ጠላ ሻጭ» የሚለውን ቃል ለስድብ መያዙ ፍርደ ገምድልነት ነው። ብዙ ልጆች በዚሁ ገንዘብ ቀለም ቈጥረዋል።

ቤቶቹን የሚያስጨንቃቸው ነገር ከዕቃው ይጀምራል። በስሜንና በወገራ ጋንና እንስራ ከሚሠሩት ዋነኞቹ የቤተ እስራኤል ሴቶች ነበሩ፤ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ሕዝቡ ወደ እስራኤል ከሄደ ወዲህ በብዙ ቤት የሸክላው ቦታ በፕላስቲክ በርሜል ተይዟል። በወይራ ጢስ የሚታጠነው ሸክላ እንጂ ፕላስቲክ አይደለም፤ ስለዚህ አሮጌ ጋን ያላት ሴት እንደ ቅርስ ትጠብቀዋለች። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮም ጎንደር ላይ የሚጠመቀው የዳሽን ቢራ በጠርሙስ እየመጣ ወጣቱን ወስዶባቸዋል።

የስሜን ተራሮች ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቁሞ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ስለ ተመዘገበ በደባርቅ ለጎብኚ የሚሆኑ ሆቴሎች ተሠርተዋል፤ የውጭ አገር እንግዳ ግን ጣሳ ወደ ተሰቀለበት ቤት እምብዛም አይገባም። በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት መንገዱን ዘጋው፤ በዓመቱ መጨረሻም ውጊያው ወደ ዳባትና ደባርቅ ገጠር ደረሰ፥ በጭናም ብዙ ሰላማዊ ሰው ተገደለ። የጎብኚውና የመኪና ነጂው ገንዘብ በዚያን ጊዜ ቆመ። ኮረፌ ቤቱ ግን ገብሱንም ደንበኛውንም የሚያገኘው ከዚያው ከአካባቢው ገበሬ ነው፤ ገበሬው ካላረሰ የሚጠነሰስ የለም፥ ገበያ ካልወጣም የሚጠጣ የለም።